አገጫሙ ቀጭን ስልክ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ሻይ የምንጠጣበት ቤት ውስጥ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ዞሮ የሚያይ የለም። ሁሉም ያው ጥቁር መስታወት ነው። ይኼኛውን ሳስቀምጥ ግን እጁን ሳይዘረጋ የሚቀር ሰው አላጋጠመኝም። ያነሳዋል፣ በመዳፉ ይመዝነዋል፣ ቀጭ አድርጎ ይከፍተዋል፣ ቀጭ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት ደግሞ ይከፍተዋል። ባለፈው አንድ ፀጉር አስተካካይ ጋሼ ስሙ ማን ይባላል ብለው ጠየቁኝ። «ሬዘር ነው፣ ምላጭ ማለት ነው» አልኳቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ምላጭስ ምላጭ ነው፤ ታዲያ ይኼ አገጩ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ያን ቀን ስቄ አለፍኩት። ቤት ስገባ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም፣ ምክንያቱም የስልኩ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ አገጩ ላይ ነው።

ስልኩ ሞቶሮላ ሬዘር ቪ3 ነው፣ ብርማው። አጎቴ ድሮ ከውጭ ይዞት መጥቶ ሲኮራበት ከርሞ፣ ኋላ ባለ ንክኪ ስልክ ሲገዛ ሳጥን ውስጥ የጣለው። አምና ቤት ሲቀይሩ ከሠርግ ፎቶና ከማይሠራ ሬዲዮ ጋር አብሮ ወጣ። «ውሰደው፣ ልጆቹ ሳይሰብሩት» አለኝ። በነጻ አገኘሁት ማለት ነው፣ በነጻ ግን አልቀረም፤ እሱን በኋላ አወራችኋለሁ። እነሆ ሰባት ወር ይዤዋለሁ። ቴሌግራምና ባንክ ሌላ ስልክ ላይ አሉ፤ ይኼ በብዛት ለመደወል ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርስ። የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ነው። ሲታጠፍ ርዝመቱ 98፣ ስፋቱ 53፣ ውፍረቱ 13.9 ሚሊ ሜትር። ክብደቱ 95 ግራም፣ ሁለት የፈረንጅ እንቁላል አያህልም። ይኼ ውፍረት ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባችሁ፣ ሳምሰንግ ስክሪኑ ራሱ የሚታጠፈውን ጋላክሲ ዜድ ፍሊፕ 7 በ2025 ሲያወጣ የታጠፈ ውፍረቱ 13.7 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከሱ በፊት የነበረው ፍሊፕ 6 ደግሞ 14.9። ሃያ ዓመት አልፎ የተገኘው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ነው አዲሱ ውስጡ ኮምፒውተር ነው ያለው፣ ማወዳደሩ ፍትሐዊ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ክብደቱም 188 ግራም ነው። ደረት ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ጎንበስ ስትሉ ልዩነቱ ይነገራችኋል።

እንዴት ቀጠነ? ያኔ ታጣፊ ስልክ ሲሠራ ባትሪው ከሰርኪዩት ቦርዱ ጀርባ ነበር የሚደረበው፣ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚደረብ። ይኼንን የሠሩት፣ ሮጀር ጄሊኮ የሚባል መሐንዲስ የሚመራው ቡድን ናቸው፣ ባትሪውን ከቦርዱ ጎን ለጎን አስቀመጡት። ቀጠነ፤ ግን ጎን ለጎን የተቀመጠ ነገር ቦታ ይፈልጋልና ሰፋ። የራሳቸው ኩባንያ የእጅ አያያዝ ባለሙያዎች ስልክ ከ49 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ እጅ ላይ አይመችም ብለው ነበር። እነሱ ሰምተው እንዳልሰሙ 53 አደረጉት። በኋላ ይኼ ሞዴል ከ130 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ሰባት ወር ከያዝኩት በኋላ ግን ባለሙያዎቹ አልተሳሳቱም እላለሁ። ተዘግቶ ኪስ ውስጥ ሲሆን ስፋቱ ምንም አይደለም፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንደ መታወቂያ ደብተር ይተኛል። ተከፍቶ በአንድ እጅ ሲያዝ ነው ጣጣው። የታችኛው ክፍል ሰፊና ስስ ነው፣ መዳፍ የሚሞላ ነገር የለውም፣ ስለዚህ እጃችሁ እንደ መያዝ ሳይሆን እንደ መቆንጠጥ ይሆናል። እኔ እጄ ትልቅ ነው፣ ቻልኩት። እህቴ በአውራ ጣቷ ከጥግ እስከ ጥግ ያሉትን ቁልፎች ለመድረስ ስልኩን እጇ ላይ እያንሸራተተች ነው የምትነካካው፣ ሁለት ጊዜም ጥላዋለች። አልተሰበረም። ጥጉ ላይ አንድ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለ፣ እሱ የእሷ ነው።

እንግዲህ አገጩ። ስልኩን ስትከፍቱት የታችኛው ክፍል ጫፍ ላይ ወፈር ያለ ከንፈር መሰል ነገር አለ። ውስጡ አንቴናው ነው። ያን ጊዜ ብዙ ስልክ አንቴናው አናቱ ላይ እንደ ቀንድ ይቆም ነበር፤ እነዚህ ወደ ታች አወረዱት። የቀረው የስልኩ ሽፋን አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ የኔትወርክ ሞገድ ይጋርዳል፣ ስለዚህ አገጩ ፕላስቲክ ሆነ። ክዳኑ ሲታጠፍ ከአገጩ ጋር እኩል ይገጥማል፤ ከጎን ስታዩት አንድ ወጥ ቁራጭ እንጂ ሁለት የተደራረበ ነገር አይመስልም። የመሶብ ክዳን ከመሶቡ ጋር ሲገጥም የምታውቁት ያ ደስ የሚል ነገር አለ አይደል፣ እሱን ነው።

ሰው የሚስቅበትም እሱ ላይ ነው። እኔ ግን የስልኩ ምርጡ ክፍል አገጩ ነው ባይ ነኝ። ደረት ኪስ ውስጥ እጄን ስሰድ ወፍራሙን ጫፍ ካገኘሁ የትኛው ወደ ላይ እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ። ጋቢ ለብሼ፣ እጄ ግማሽ በድን ሆኖ፣ አገጩን ይዤ ስስበው አያመልጠኝም። ሳወራ ትንሿ ጣቴ ከሥሩ ታርፍበታለች፣ ስልኩ ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። ማይኩም ወደ አፍ ይቀርባል፤ ነፋስ ባለበት ቦታ ስደውል «አልሰማህም» የሚለኝ ሰው ቀንሷል። ታርማበር ላይ ወርጄ ጉም ውስጥ ቆሜ ያወራሁትን እናቴ «ቤት ያለህ ነው የመሰለኝ» ብላኛለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንቴናው እዚያ ስለሆነ ኔትወርክ ደካማ ቦታ ላይ አገጩን በመዳፍ መሸፈን ጥሩ አይደለም። ሰላ ድንጋይ አያቴ ጋ ስሄድ ያየሁት ይኼን ነው፤ በሁለት እጃቸው አገጩን ጥርቅም አድርገው ይይዙትና «ጠፋብኝ» ይላሉ። ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይያዙት እማማ ስላቸው ይመጣል።

ስለ አያቴ ካነሳሁ አይቀር፣ ይኼን ስልክ ከማንም በላይ የወደዱት እሳቸው ናቸው። ባለ ንክኪው ላይ ቀዩን ቁልፍ አግኝተው አያውቁም፤ አውርተው ሲጨርሱ እንዲሁ ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የቤቱን ወሬ ሁሉ ይሰማል። በዚህ ምክንያት አንዴ ከአክስቴ ጋር ተኳርፈው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ይኼንን ሰጥቻቸው አወሩ፣ ጨረሱ፣ አዩኝ።

«ብከድነው ዝም ይላል?»

«አዎ እማማ፣ ይከድኑት፣ በቃ።»

ከደኑት። ጆሯቸው ላይ መልሰው አዳመጡ። «ኧረ ይኼስ ጨዋ ነው» አሉ።

አሁን ሻሻቸው ሥር ከፍተው ያስገቡታል። ሲከፈት ቀጥ አይልም፣ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ጉንጭ ይከተላል፣ ስስ ስለሆነም ሻሹ ይይዘዋል። ሁለት እጃቸው ነጻ ሆኖ ቡና እየቆሉ ያወራሉ። ይኼን የፈለሰፉት እሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ማጠፊያው ላይ ብዙ ማለት ይቻላል። እስከ ግማሽ ድረስ ይቃወማል፣ ከዚያ ራሱ ተወርውሮ ይከፈታል፤ ስትዘጉትም እንደዚያው። ድምፁ ጠንካራ ነው፣ «ቷ» አይልም፣ «ቀጭ» ነው የሚል። ሃያ ዓመት ሞልቶት እንኳ አልላላም፣ ምንም እንኳ አብዛኛውን ሳጥን ውስጥ ቢያሳልፍም። በአንድ እጅ መክፈት ግን ልምድ ይፈልጋል። ክዳኑ ከአገጩ ጋር ስለሚገጥም ጥፍር የሚገባበት ሰፊ ቦታ የለም፤ አውራ ጣትን በጎን በኩል ሰደድ አድርጎ መግፋት ነው። እኔ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፣ እንደ ሎተሪ እየፋቅኩት። አሁን ሳላይ እከፍተዋለሁ። ተናዶ ስልክ መዝጋት የሚባለውን ነገርም ያገኘሁት አሁን ነው፤ መስታወት ላይ ጣት በመጫን ሰው አይናደድም፣ በዚህ ግን ይናደዳል፣ ማዶ ያለው ባይሰማም እናንተ ትሰሙታላችሁ።

ማጠፊያው አንድ ጠላት አለው፣ እሱም ኪሳችሁ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የቆሎ ገለባ የሌለበት ኪስ ካለ አሳዩኝ። በሶማ አይነሳ። ሁለቱን ክፍል የሚያገናኝ እንደ ሪባን የሳሳ ገመድ በማጠፊያው ውስጥ ያልፋል፣ ጠጋኞች ፍሌክስ የሚሉት። እሱ ከተበላ ስክሪኑ ይጠፋል። ስለዚህ ስልኩን ቆሎ ከሌለበት ኪስ አድርጉት፣ ወይም ቆሎውን ከሌላው። ሌላ ምክር የለኝም።

ቁልፎቹን ለሁለት ከፍዬ ነው የማያቸው። ለዓይን ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሁሉም ከአንድ ስስ ብረት ላይ የተቀረጹ ናቸው፤ ቁጥሩ የተቀባ ሳይሆን ብረቱ ተበልቶለት በውስጡ ብርሃን የሚያልፍበት ነው፣ ማታ ሰማያዊ ይበራል። የጎማ ቁልፍ ስልኮች ሁለትና አምስት ቁጥራቸው ከዓመት በኋላ እንደሚጠፋው አይጠፋም። መብራት በሄደበት ማታ ክብሪት ፈልጌበታለሁ።

ለጣት ከሆነ ግን ሌላ ነው። በቁልፍና በቁልፍ መሃል ሸንተረር ብቻ ነው ያለው፣ ክፍተት የለም። ጣት የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ ማየት አለባችሁ። ቀሪ ሂሳብ ለማየት *804# ስመታ ስንት ጊዜ 7 ገብቶብኛል። ቴሌብር በ*127# ስሠራማ ላብ ላብ ይለኛል፤ ዝርዝሩ ይመጣል፣ ቁጥር ይመረጣል፣ ደግሞ ይመጣል፣ መሃል ላይ ተሳስቶ መጀመር ነው። አንዴ ጭራሽ ገንዘብ ልልክ ቁጥሩን አስገብቼ ጨርሼ፣ ልማድ ሆኖብኝ ቀጭ አድርጌ ከደንኩት። እንደገና ከሀ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን ይኼ ስልክ የመክደን ልማድ ያስይዛል፣ ልነግራችሁ የፈለግኩት እሱን ነው። እርሻ የሚሠራ ወፍራም ጣት ያለው ሰው ደግሞ ከጅምሩ ባይሞክረው ይሻላል።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚያ ሰዓት አሉሚኒየም መያዝ ምን እንደሆነ ይኼን ስልክ የሠሩት ሰዎች አላሰቡበትም። ማታ ጠረጴዛ ላይ ያደረ እንደሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጣት አያስይዝም። ጉንጬ ቁልፎቹን ሲነካ ሁለት ጊዜ «ኡፍ» ብያለሁ፣ አለቃዬ ምን ሆንክ አለኝ። መፍትሔው አገጩን መያዝ ነው፣ ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ ብረቱ አይቀዘቅዝም፤ ወይም ደግሞ ትራስ ሥር ማሳደር። እኔ ትራስ ሥር ነው የማሳድረው። ቀጭን ስለሆነ አይጎረብጥም።

ሸዋ ሮቢት ስወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ከጉም ወጥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ቆላ ሲገባ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፣ ስልኩም ይሞቃል። አንዴ መስኮት ጎን ፀሐይ ላይ ረስቼው ሳነሳው እንደ ምጣድ ጋለ ማለት ይቀረኛል። ብረት እንዲህ ነው፣ ያለበትን አገር ይመስላል። እኔ እንኳ ይኼንን ጠባዩን ወድጄዋለሁ።

ከዚህ የቀረውን በሩጫ ልበለው። የውጭው ትንሽ ስክሪን ማን እንደደወለ ሳትከፍቱ ያሳያል፣ በጣም ጠቃሚ ነው፣ የማትፈልጉት ሰው ከሆነ ሳትከፍቱ ታልፉታላችሁ። ካሜራው 0.3 ሜጋፒክስል ነው፣ ፍላሽም የለው፤ ስለሱ አንወያይ። ሜሞሪ ካርድ አይቀበልም። ኢርፎን የሚሰካው ቻርጀሩ ጋ ነው፣ ያውም ያ ሰፋ ያለው የድሮው አሰካክ፤ ገመዱን ያገኘሁት አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው፣ የድሮ ካሜራ ገመድ። ሲም ካርዱ ትልቁ ነው፣ የአሁኗን ጥፍር የምታህል ሲም ለማስገባት ማቀፊያዋን መፈለግ አለባችሁ። በአማርኛ የሚመጣ መልእክት ሳጥን በሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ የሚጽፍልኝ ሰው እንደ ድሯችን አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍልኛል፣ ምን እንዳለኝ ለማወቅ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

በነጻ አልቀረም ያልኩት ይኸውላችሁ። ስረከበው የጀርባው ክዳን አልገጥም ብሎ ነበር። ስከፍተው ባትሪው አብጧል። ለካ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ የተባለው ለዚህ ኖሯል። ባትሪው ትክክለኛው 680 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፣ ቀጭን ስልክ ወፍራም ባትሪ አይችልም፤ ትንሽ ካበጠ የሚሄድበት ቦታ የለውምና ክዳኑን ይገፋል። ያበጠ ባትሪ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት።

አዲስ ባትሪ ፍለጋ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ስሙን ተዉት። ልጁ ባትሪውን አገኘልኝ፣ ከዚያ «ወንድሜ ካቨሩ ተጭሯል እኮ፣ አዲስ አለ፣ ልቀይርልህ?» አለኝ። እሺ አልኩ። ያቺን እሺ ነው የምጸጸትባት። ከሁለት ሰዓት በኋላ መጥቼ ሳየው የሚያብረቀርቅ አዲስ ስልክ ይመስላል። ያዝኩት፣ ቀለለኝ። ከፈትኩት፣ «ቀጭ» የለም፤ «ጭው» ብሎ ላላ። ዘጋሁት፣ ክዳኑና አገጩ መሃል ምስማር የሚያስገባ ክፍተት። የተቀባ ፕላስቲክ ነው ያለበሱት። ቁልፎቹም ፕላስቲክ። ያ ሁሉ ሚሊ ሜትር የተለካለት ነገር ጭንብል ለበሰ።

«የድሮውን መልስልኝ» አልኩት። «ጣልነው» አለ። «የት ጣላችሁት?» አልኩ። ካርቶን አመጣ፣ ውስጡ የተሰባበረ ስልክ ሁሉ አለ፣ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኩ። የላዩን አገኘሁ፣ የቁልፉን ብረት አገኘሁ፣ የጀርባው ክዳን ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። መልሶ ሲገጥም ሁለተኛ አስከፈለኝ። 1,800 ብር ለባትሪና ለእጅ፣ በዚያ ላይ ግማሽ ቀን። የተጫረ ነው እንግዲህ፣ ጭረቱን አሁን እወደዋለሁ።

ልግዛ የሚለኝ ሰው አለ። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ብዙ ትጽፋላችሁ? ከሆነ ተዉት። ብዙ ታወራላችሁ፣ ከኪሳችሁ ቶሎ ቶሎ ታወጣላችሁ፣ ስልክ ይዛችሁ መዋል ሰልችቷችኋል? ፈልጉት። ገበያው ላይ ግን ካቨሩ የተቀየረ በሽ ነው፣ ብርማም ይሁን ጥቁር ወይም ሮዙ። ስታዩት ዝጉትና ከጎን ወደ ብርሃን አንሱት፣ በክዳኑና በአገጩ መሃል ብርሃን ካለፈ መልሱት። አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ ፍሌክሱ ሄዷል። ጀርባውን ዳስሱ፣ ሆዱ የተነፋ ከሆነ ባትሪው ነው። የመጨረሻው ፈተና ነጻ ነው። ስልኩን ጉንጫችሁ ላይ አስደግፉት፣ ብረት ከሆነ ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ዝም ነው። እዚህ እኛ ጋ የምትገዙ ከሆነ ጠዋት ሂዱ።